የጠሪው ቁልቁለት

ከቤቴ ወደ ፒያሳ የሚያወርድ አጭር መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ በሱ አልሄድኩም። በትምህርት ቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ ጭቃ እያቦካሁ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ እወርድ ነበር። ሚስቴ መጀመሪያ ሐኪም ተራመድ ያለኝ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። በኋላ መንገዱን እየሸሸሁ መሆኑ ሲገባት መጠየቋን ተወች። ከቁልቁለቱ ራስ ላይ አረንጓዴ ታፔላ ቆሟል። በነጭ ቀለም የአያቴ ስም ተጽፎበታል። ያን ስም እዚያ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ ሰው ሁሉ በሚያሞግሰው የእጅ ጽሑፌ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪ የወንዝ ስም ሲሳሳት ደም ሥሬ ይገተር ነበር። የቦታ ስም ዝም ብሎ አይወጣም፣ ያወጣው ሰው አለ፣ ምክንያት አለው እያልኩ ሰሌዳውን በጠመኔ እደበድብ ነበር። አይ እኔ! የገዛ ሰፈሬን ቁልቁለት ታሪክ ጻፍ ብባል ሦስት መስመር አቃተኝ። አቃተኝ እንኳ አይባልም፤ ዋሸሁ።

የሰፈሩ ሰው ቁልቁለቱን የሚያውቀው የጠሪው ቁልቁለት ብሎ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች አሳጥረው ጠሪው ይሉታል። ጠሪው ጋ ወራጅ አለ ሲባል ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ግራ የሚጋባ የለም። ከኔ አፍ ግን ይህ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ባጃጅ ስይዝ ላይኛው መንገድ እላለሁ፤ ሾፌሩ የትኛው ላይኛው ሲለኝ በእጄ እያሳየሁ እወስደዋለሁ። እልህ የያዘኝ የሚመስለው ነበር። እልህ አልነበረም።

ሌላ አገር ዕድር የሚሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። በኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። አባልነቱ በቤት ነው፤ ቤት ያለው ይመዘገባል፣ ቤት የሌለው አይመዘገብም። ዛሬ ሰው ሲሞት በስልክ መልእክት ይላካል። እኔ ልጅ እያለሁ ግን ጠሪ ነበረን።

ጠሪው ከደሴ ዙሪያ የመጣ፣ ረዥም፣ አንገቱ የወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር በቁልቁለቱ ራስ ላይ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ከደጁ ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሰው ሲሞት እዚያ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ መጀመሪያ ወደ ጦሳ ተራራ ይዞራል፣ ቀጥሎ ወደ ፒያሳ፣ ቀጥሎ ከፈፋው ማዶ ወዳለው መንደር። ቅሬ ውጡ፣ የእገሌ ቤት ሐዘን ነው ብሎ ሦስቴ ይጠራል። የሟቹን ስም አንድም ቀን ጠርቶ አያውቅም። ስሙን መናገር የሐዘንተኛው ነው፣ የኔ ሥራ ቤቱን ማሳየት ነው ይል ነበር። ያን ጊዜ የቀን ሠራተኛው ዶማውን፣ ነጋዴው ሜትሩን ጥሎ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል።

ለዚህ ሁሉ ውለታው ሰፈሩ የከፈለው በመሸሽ ነው። ሰርግ ላይ ከዳር ያስቀምጡታል። ጠዋት በመንገድ ሲያገኙት ሴቶቹ ያ ረቢ ማን ሊሆን ነው ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ፤ እሱ ስኳር ሊገዛ እየሄደ። እኛ ልጆች ደግሞ ድምፁን እየሠራን እንስቅ ነበር። እኔ አንደኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጀርባው ሆኜ ድምፁን ስሠራ ዞር ብሎ፣ መጨረሻዋ ላይ ድምፅህን አታውርዳት፣ ከፈፋው ማዶ ያሉት አይሰሙህም ብሎኝ ሄደ።

አያቴ የቅሬው ዳኛ ነበሩ። አባታቸው ከየመን በግመልና በጀልባ መጥተው ደሴ ላይ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ሰኞ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅና ከቤታችን ጎን መጋዘን ነበራቸው። ሐጅ ያደረጉ በመሆናቸው ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው። ሲያልፉ የተቀመጠ ይነሳል። አባቴ ገና በእቅፍ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር፤ እፈራቸውም ነበር። ሁለቱ ተቀላቅለው የትኛው የት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አልለይም።

መጋዘናችን ውስጥ የሚያድር አንድ ተሸካሚ ነበር። ከቢስቲማ በኩል እኔ ሳልወለድ የመጣ ነው አሉ። የጨርቅ ጣቃ ከመኪና አውርዶ በጀርባው ወደ መጋዘን ያስገባል፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ወደ ሱቅ ያወርዳል። ክረምት ላይ ፈፋው ሲሞላ በትከሻው አሻግሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። ጆሮውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ፈረስ ነኝ እንዴ እያለ ይስቅ ነበር። ዘመድ አልነበረውም። ቤት ስላልነበረውም ቅሬ አልነበረውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሻይና ዳቦ ይዤለት ብገባ ጣቃው ላይ ጋደም እንዳለ ሞቶ አገኘሁት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ አልነበርኩም፣ ጢም አውጥቼ ነበር። እየሮጥኩ ለአያቴ ነገርኳቸው። ኢና ሊላሂ አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህ ይታወቅልኝ። ከፈኑን ከራሳቸው ሱቅ ቀደዱ፣ የሚያጥቡትንና የሚቀብሩትን አራት ሰዎች አዘዙ። ቅሬ ግን አይጠራም አሉ። አባል አይደለም፤ ደግሞም ሰኞ ነው፣ ቅሬ ከተጠራ ገበያው በሙሉ ይዘጋል፣ ባላገሩ ከሩቅ መጥቶ ምን ሊሆን ነው አሉ። ከዚያ ለጠሪው ሄጄ እንዳይጠራ እንድነግረው ላኩኝ፤ ወሬውን ሰምቶ ሳይጠየቅ እንዳይጮህ ፈርተው ነው።

ቁልቁለቱን በእልህ ወጣሁት። አራት ሰው! የዚያ ሁሉ ዘመን ትከሻ ለአራት ሰው! ጠሪው ከደጁ ላይ የልጁን ፀጉር እያበጠረ አገኘሁት። ማን እንደሞተ ነገርኩት። እጁ ማበጠሪያው ላይ ቀረ።

«ሐጂ ምን አሉ?» አለኝ።

«ይጥሩ ብለዋል» አልኩት።

ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅም። አንዴ ወጣ። ጠሪው ረዘም አድርጎ አየኝ። እንግዲህ በኛ አገር እንዲህ ባለ ነገር ሰው ወላሂ በል ይላል፤ ሽንኩርት ሲሸጥ እንኳ ወላሂ ይባላል። እሱ ግን ወላሂ አላሰኘኝም። ሐጂ ናቸው ያሉት? ብሎ ብቻ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ማበጠሪያውን ለልጁ ሰጥቷት ድንጋዩ ላይ ወጣ። አመነኝ ብዬ ልቤ ዘለለ።

ተሸካሚው ቤት የለውም። ያደረውም፣ የኖረውም፣ የሞተውም እኛ ቤት ነው። ስለዚህ ጠሪው እንደ ወትሮው ቤቱን ጠራ። ቅሬ ውጡ፣ የሐጂ ቤት ሐዘን ነው አለ፤ ወደ ጦሳ፣ ወደ ፒያሳ፣ ከፈፋው ማዶ።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ሳቅና እንባ ይተናነቁኛል። የሰኞ ገበያ በሮች አንድ ባንድ ጓ ጓ እያሉ ሲዘጉ ከላይ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ሐጂ የሞቱ መስሎታል። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው፣ የኛዎቹ እስላሞቹ ሻሻቸው ወልቆ፣ ወየው ሐጂ እያሉ ወደ ቤታችን ጎረፉ። አያቴ ሜትር በእጃቸው ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። አንዲት የጎረቤት ባልቴት ዓይኗን ጨፍና እያለቀሰች መጥታ ከደረታቸው ጋር ተጋጨች። ቀና ብላ ስታያቸው እሪ ብላ ወደቀች። የቀረው ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ።

ጠሪው ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣና ጀናዛው መጋዘን ውስጥ ነው አለ። ሰው ወደ መጋዘኑ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ አያቴ። እንግዲህ ከተወጣ በኋላ ማን ተመለሱ ይላል? አያቴ ሜትሩን አስቀመጡና ፊት ፊት ሄዱ። ያ ተሸካሚ፣ ያ አራት ሰው የተመደበለት፣ ገበያው ሁሉ ተቀባብሎ ተሸክሞት ላኢላሃ ኢለላህ እየተባለ ተቀበረ። እንደዚያ ያለ ቀብር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ውስጤ ግን ኩራት ነበረ። ያ ኩራት እስከ እሑድ ብቻ ቆየ።

እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። አያቴ ከሳሽ ስለሆኑ ዳኝነቱን ለሌላ ሽማግሌ ለቀቁ። በቁም የተለቀሰባቸው ሰው ናቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆች ሲያዩአቸው አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፣ ይህን ደግሞ ያውቁ ነበር። ጠሪው ያለ ዳኛ ፈቃድ ለምን ጠራህ ተባለ። መልእክት መጣልኝ፣ ጠራሁ አለ። ማን አመጣው ቢባል መሬት መሬት አየ። አያቴ ተነሱና የላክሁት የልጄን ልጅ ነው፣ እሱው ይናገር አሉ።

ቆምኩ። ያን ሁሉ ጉልምስና ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌው ምን ብለህ ነገርከው አሉኝ። የአያቴ መቁጠሪያ፣ ሙስባሃቸው፣ በጣታቸው መሃል ፍሬ ፍሬዋ እየወረደች ነበር። እውነቱን ብናገር ያ የሚያሳድገኝ እጅ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

«እንዳይጠራ ብዬ ነው የነገርኩት» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ሐሰተኛ የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ፤ ለሱ ነው እንጂ ለኔ አልነበረም። ጠሪው ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ልፈልግበት ሞከርኩ፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«እሺ» አለ። «ልጁ እንዳለ ይሁን።»

በዚያው ከጠሪነቱ ተሰናበተ። ሳምንት ሳይሞላው ሰሌኑን ጠቅልሎ፣ ልጁን እጇን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ልጅቱ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ማሰሮ በራሷ ላይ ተሸክማ ነበር። እኔ ከመስኮት አየኋቸው፤ ወጥቼ ደህና ሁኑ እንኳ አላልኩም። እሱ በኋላ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ እዚያው ኮምቦልቻ እንደሞተ ሰማሁ። ማን ጠርቶለት እንደተቀበረ አልጠየቅኩም።

ቅሬው ጡሩምባ የሚነፋ ሌላ ሰው ቀጠረ። ግን የሰው አፍ ድንጋዩን አልተወውም። ጠሪው ጋ እንገናኝ፣ ጠሪው ጋ ቁሚልኝ ማለት ተጀመረ፤ ሰውየው በነበረበት ዘመን ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሄዶ ነው ስሙ የጸናው። አያቴ እስኪሞቱ ላይኛው መንገድ ነበር የሚሉት። እኔም ከሳቸው ወረስኩት።

አሁን ወደ አምናው ልምጣ። ቁልቁለቱ ኮብልስቶን ተነጠፈለት፤ ደስ አለን። ከዚያ ከከተማው አንድ ፎርም መጣ። የመንገዱ መጠሪያ፣ የስያሜው ታሪክ፣ የሚቀርበው አዲስ ስም ካለ ከነምክንያቱ ይላል። ለታሪኩ የተተወችው ቦታ ሦስት መስመር ናት። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ስብሰባ ተጠርቶ ብዕሩ በኔ እጅ ገባ። ገሚሱ ጠሪው ይባል፣ ኖረበት አለ። ገሚሱ ደግሞ የሞት ስም ነው፣ ሱቅ የሚከፍት ይሸሻል አለ። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ልብስ ሰፊ አሉ፤ በዚያ ሰኞ ቀብር ሬሳውን ተሸክመዋል። ዞር ብለው አዩኝ።

«መምህር፣ ስሙ ከየት እንደመጣ አንተ አታውቅም?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ! እሳቸው ጠሪው እንደነበረ እንጂ እኔ በእውነት ምን ብዬ እንደነገርኩት አያውቁም፤ ያን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። በፎርሙ ላይ የስሙን አመጣጥ የሚያውቅ አልተገኘም ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የአያቴን ስም አቀረብኩ፤ ቅሬውን ለረዥም ዘመን የመሩ፣ ወዘተ። ሰዉ ሐጂን ስለሚያከብር እጁን አወጣ። ስለ አያቴ ክብር ብዬ ነው እል ነበር ለራሴ። እውነቱን ለመናገር፣ ሦስቱን መስመር በእውነት ብሞላ ሁለተኛው ላይ እኔ እመጣለሁ። ያን ፈርቼ ነው። ታፔላው በመስከረም ቆመ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ከኔ ጥቂት የምታንስ ሴት፣ ፓፓያ የሞላ ፌስታል ይዛ ቆማለች። አሰላሙ አለይኩም ብላ ስትገባ አንገቷን አየሁና አወቅኋት። ያ የአባቷ አንገት ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ከሐርቡ የሚመጣ ፍራፍሬ እንደምትሸጥ፣ የልጅ ልጆች እንዳሏት፣ አባቷ ከሞተ ብዙ ዘመን እንደሆነው ነገረችን። ሚስቴ ሻይ አቀረበች።

የመጣችበትን ሳትንዛዛ ተናገረች። ደሴ መንገዶቿ ላይ ስም እየጻፈች ነው ሲሉ ሰምታ፣ የአባቷን መጠሪያ ተጽፎ ልታይ መጥታ ነበር። ስታየው የሌላ ሰው ሆነባት። ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ፣ ስሙ ካርታው ላይ የሚሰፍረው ሰኔ ሲያልቅ ነው፣ እስከዚያ የስሙን ታሪክ የሚያውቅ የሰፈሩ ሰው በጽሑፍ ከመሰከረ ነገሩ እንደገና ይታያል አሏት። የሚያውቅ የለም ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነም ነገሯት። ለአባቷ የቀረው ነገር ያ ስም ብቻ እንደሆነ፣ መቃብሩ ላይ የነበረውን ድንጋይ እንኳ ጎርፍ እንደወሰደው ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የአባቴን ነገር ያስታውሱ ይሆን?» አለችኝ።

እዚያው፣ በገዛ ቤቴ፣ ሚስቴ እየሰማች፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ አላውቅም አልኳት። ሦስተኛ ክህደቴ መሆኑ ነው። ሴትየዋ የሻይ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ጋሼ እንዳሉ ይሁን።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ተነስታ ሚስቴን ስማ፣ ፓፓያውን ትታ ወጣች። ሚስቴ ፓፓያውን ቆርጣ አቀረበችልኝና ምን አደረግሃት ብላ ጠየቀችኝ። ፓፓያውን ሳልነካ ተነሳሁ። በዚያው ሳምንት፣ ከተጋባን ጀምሮ ደብቄው የኖርኩትን ነገር ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ፣ ኮምቦልቻ ውሰደው አለችኝ።

ውሰደው ማለት ይቀላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን በኮቴ ኪስ ከትቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለኝና ኮቴን አወለቅኩ። ፓፓያና ብርቱካን ደርድራ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ አልደነቃትም። ሳጥን ገልብጣ ቁጭ በሉ አለችኝ።

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ሰው ብርቱካን እየጠየቀ፣ እሷ በእጇ ቆይ እያለች፣ ሁሉንም አነበብኩ፤ ተሸካሚውን፣ ሰኞውን፣ የአያቴን መልእክት፣ እኔ የለወጥኩትን፣ እሑድ ቅሬው ፊት የካድኩትን። አንዱ መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ ጠሪው በእኔ ቃል ተታልሎ ጥሪውን አሰማ። እዚያ ስደርስ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«አባቴ አልተታለለም» አለች።

ገና አልገባኝም ነበር።

«ወላሂ ያላሰኘዎት ለምን ይመስልዎታል? በሐሰት እንዳይምሉ ብሎ ነው። ሐጂ እንደዚያ እንደማይሉ ያውቅ ነበር። እኔ ፀጉሬን እያበጠረኝ አጠገቡ ነበርኩ፤ ይህ ልጅ ይዋሻል ብሎ በጆሮዬ ነግሮኝ ነው የተነሳው።»

«ታዲያ እያወቀ ለምን ጠራ?» አልኳት።

«ሰው ሞቷላ» አለች።

ምን ይባላል? ያን ሁሉ ዘመን በኀፍረቴ ሥር አንዲት የተደበቀች መጽናኛ ነበረችኝ። ከድኛለሁ፣ ፈሪ ነኝ፣ ግን ያ ቀብር የኔ ሥራ ነው፤ ስሙ የተወለደው ከኔ ደግነት ነው እል ነበር። በወረቀቱ ላይም ብልጥ ሆኜ በንስሐ አስመስዬ አስገብቻታለሁ። ሥራው ለካ የሱ ነበር። የሚያስከትልበትን እያወቀ ነው ድንጋዩ ላይ የወጣው። ከዚያ ታሪክ ውስጥ የኔ የሆነው እሑድ የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።

ብዕሬን አውጥቼ በእኔ ቃል ተታልሎ የምትለውን ሰረዝኩ። ከላይዋ እያወቀ ብዬ ጻፍኩ። ፈርሜ ሰጠኋት፤ እሷ ደግሞ መልሳ ለኔ ሰጠችኝ። እርስዎ ይውሰዱት፣ እኔ ብወስደው ልጁ ስለሆነች ነው ይላሉ አለችኝ። ይቅር አልኩዎት አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ፓፓያ ልግዛ ብላት አይሆንም ብላ ሁለት ጨመረችልኝ፤ እሱ ከሁሉም ባሰብኝ።

ደሴ ስደርስ ቢሮው ሊዘጋ ሲል አስረከብኩ። ጸሐፊዋ የእጅ ጽሑፌን አይታ ሲያምር አለች። ውሳኔው ገና ነው፣ ታፔላውም እንዳለ ነው። እሑድ ቅሬው ፊት አነበዋለሁ፣ ልብስ ሰፊው ባሉበት፤ ከዚያ ጸሐፊነቱን ለሌላ ያስረክቡ። ከቢሮው ስወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበርና ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ የት ልውሰድዎት አለኝ። ላይኛው መንገድ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ጠሪው ጋ» አልኩት።

ድምፄ መጨረሻው ላይ ወርዶብኝ ነበርና አልሰማኝም። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው ነው። የት አሉ አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት።